ከፍለን የገዛነው ፕሮግራም በማን ፈቃድ ይሠራል?

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በደብረ ብርሃን ከተማ የጽሕፈት፣ የፎቶ ኮፒና የኅትመት አገልግሎት በመስጠት እተዳደራለሁ። የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሠርግ መጥሪያ፣ የዕድር ደረሰኝ፣ የፍርድ ቤት አቤቱታ ሁሉ በእጄ ያልፋል፤ ይህ ሥራ ያለ ኮምፒዩተር ፕሮግራም የማይታሰብ በመሆኑም የሶፍትዌር ኩባንያዎች ውሳኔ እንጀራዬን በቀጥታ ይነካዋል። ስለ ዲጂታል ኢትዮጵያ ዕቅድ፣ ስለ ሞባይል ገንዘብና ስለ ኢንተርኔት መስፋፋት በየጊዜው ብዙ ይጻፋል፤ አንድ ጉዳይ ግን በሚገባው መጠን ሲነሣ አላየሁም። ይኸውም ገዢው ዋጋውን ከከፈለ በኋላም ፕሮግራሙን የማሠራት፣ የማቆም፣ የመለወጥና የማጥፋት ሥልጣን ባሕር ማዶ በተቀመጠው ሻጭ እጅ መቅረቱ ነው። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት፣ ዶላር እንደልብ በማይገኝበትና ኩባንያው አቤት የሚባልበት ቢሮ በሌለው እንደ ሰሜን ሸዋ ባለ አካባቢ ይህ አሠራር ከሌላው ይልቅ ስለሚጎዳ፣ የሚመለከታቸው ሁሉ እንዲመክሩበት በማሰብ ይህን ጽፌላችኋለሁ።

ፕሮግራም በሲዲ ይሸጥ በነበረበት ዘመን ገዢው ዲስኩንና የፈቃድ ቁጥሩን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ኮምፒዩተሩ ቢበላሽበት በሌላ ላይ ይጭነዋል፤ ኩባንያው ቢዘጋ ወይም አዲስ ስሪት ቢያወጣም አሮጌው መሥራቱን አያቆምም። ለዚህ የራሳችን ፊደል በቂ ምስክር ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለምን ፊደላት ለኮምፒዩተር በአንድ ሥርዓት በሚመዘግበው በዩኒኮድ ውስጥ ከተካተተ በኋላም እንኳ የየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤና ቃለ ጉባኤ ለብዙ ዓመታት ይጻፍ የነበረው ፓወር ግዕዝን በመሳሰሉ ፕሮግራሞች ነበር። ዛሬም አንድ አባት የማኅበራቸውን መተዳደሪያ ደንብ ወይም የአጥቢያቸውን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ በአሮጌ ፍላሽ ይዘው ሲመጡ፣ ፎንቱ በእጃችን ስላለ ከፍተን እናነበዋለን፤ የምናስፈቅደው ማንም የለም። ዛሬ በኪራይ ፕሮግራም ተዘጋጅቶ በኩባንያ ሰርቨር ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚደረስበት የኩባንያው ኮምፒዩተር ላይ፣ የተቀመጠ ሰነድ የዛሬ ሃያ ዓመት እንዲሁ የሚከፈት ስለመሆኑ ግን ዋስትና የሚሰጠን አካል የለም።

ነገሩ የተለወጠው ቀስ በቀስ ነው። ለኅትመትና ለፎቶ ሥራ በዓለም ዙሪያ የሚታወቁትን ፕሮግራሞች የሚሠራው አዶቢ እ.ኤ.አ. በ2013 ከዚያ በኋላ የሚያወጣቸውን አዳዲስ ስሪቶች በአንድ ጊዜ ክፍያ መሸጡን ትቶ በወርና በዓመት ኪራይ ብቻ ማቅረብ ጀመረ። ሌሎችም ተከተሉት። በሀብታም አገር ለሚኖር ሰው ይህ ምናልባት የሒሳብ አያያዝ ለውጥ ብቻ ሊሆን ይችላል። ለእኛ ግን ኪራዩ የሚከፈለው በዶላር ነው፤ ዶላሩን የሚከፍለው ካርድ የሚገኘው በውጭ አገር ባለ ዘመድ ወይም በደላላ በኩል ነው፤ ዋጋው ደግሞ በአንድ ሌሊት ሊለወጥ ይችላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በሲዲ ገዝቶ ያስቀመጠ ሰው ይህ ለውጥ አልነካውም። በኪራይ የሚጠቀመው ግን አንድም አዲስ ነገር ሳይጨመርለት እጥፍ ሊከፍል ግድ ሆነበት፤ ካልከፈለ ደግሞ ከዚያ በፊት የሠራቸውን የራሱን ሥራዎች ከፍቶ የሚያርምበትን መሣሪያ ያጣል።

ከዋጋው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ፈቃድ የመጠየቁ ነገር ነው። የዛሬዎቹ ፕሮግራሞች በየጊዜው ወደ ኩባንያው ሰርቨር እየደወሉ «ይህ ሰው ከፍሏል ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ማይክሮሶፍት 365ን የመሰለው የቢሮ ፕሮግራም በወር አንድ ጊዜ ያህል ኢንተርኔት ካላገኘ ሰነዱን ከማሳየትና ከማተም በቀር አዲስ መጻፍም ሆነ ማረም አይፈቅድም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተፈጠረው ግጭት ምክንያት የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር አንባቢ ያስታውሳል። በዚያ ጊዜ ኪራዩን በሕጋዊ መንገድ ከፍዬ የምጠቀምበት አንድ የዲዛይን ፕሮግራም፣ ሰርቨሩን ማግኘት ባለመቻሉ ብቻ ክፍያዬ ሳያልቅ ሥራዬን አስቆመኝ። የተመረቁ ልጆቻቸውን ፎቶ ለማሠራት የመጡ ወላጆችን መልሻለሁ። በዚያው ሰሞን ክራክ የተደረገ፣ ማለትም የፈቃድ ቁጥጥሩ ተሰብሮ ያለ ክፍያ የሚሠራ ፕሮግራም የጫኑ ሰዎች ግን አንድም ቀን ሳይስተጓጎሉ ሠርተዋል። ይህን የምለው ስርቆትን ለማበረታታት አይደለም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን እንደ ሌላው የፈጠራ ሥራ ይጠብቃል፤ ጥበቃውም ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን በሐቅ የከፈለ ሰው ካልከፈለው የባሰ የሚጉላላበት አሠራር ሰውን ወደ ሕጋዊነት ሊስብ አይችልም፤ ይልቁንም የሚያርቀው ነው። ኩባንያዎቹ ቁጥጥሩን ያመጣነው ስርቆትን ለመከላከል ነው ሲሉም፣ ቁጥጥሩ በተግባር የሚያርፈው በሌባው ላይ ሳይሆን በደንበኛው ላይ መሆኑን መዘንጋት የለባቸውም።

ለዚህ ሁሉ መሠረቱ ማንም የማያነበው ውል ነው። ፕሮግራም ስንጭን «ተስማምቻለሁ» ብለን የምናልፈው ረጅም ጽሑፍ፣ የከፈልነው ገንዘብ ሊሰረዝ የሚችል የመጠቀም ፈቃድ ብቻ እንደሚያስገኝልን ይናገራል። በሬውን ሸጦ ገመዱን አልለቅም እንደሚል ነጋዴ ማለት ነው። ኩባንያዎቹም ገመዱን የሳቡባቸው ጊዜያት አሉ። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2009 ለደንበኞቹ የሸጣቸውን አንዳንድ መጻሕፍት፣ የሸጠው ወገን የማሳተም መብት አልነበረውም በማለት፣ ኪንድል ከተባለው የደንበኞቹ መጽሐፍ ማንበቢያ መሣሪያ ላይ ከርቀት አጥፍቷል። ማይክሮሶፍት የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት መደብሩን እ.ኤ.አ. በ2019 ሲዘጋ ሰዎች የገዟቸው መጻሕፍት ሁሉ መከፈት አቁመዋል። በሁለቱም ጊዜ ገንዘቡ ተመልሷል፤ መጽሐፉ ግን አልተመለሰም፤ አንባቢውም ገንዘቡ ይሻለኛል ወይስ መጽሐፉ ብሎ የመምረጥ ዕድል አልተሰጠውም። በዚያው በ2019 በኦክቶበር ወር አዶቢ የአሜሪካን መንግሥት ማዕቀብ ምክንያት አድርጎ በቬኔዝዌላ ያሉ ደንበኞቹን አካውንት በሙሉ እንደሚዘጋ አስታውቆ ነበር። ወሩ ሳያልቅ ከአሜሪካ መንግሥት ፈቃድ አግኝቶ ውሳኔውን ቢያነሣም፣ የአንድ አገር ፎቶ አንሺዎች፣ ዲዛይነሮችና አታሚዎች ራሳቸው ባልፈጸሙት ነገር በአንድ ማስታወቂያ መሣሪያቸውን ሊያጡ እንደሚችሉ ዓለም አይቷል። የእኛ አገር ከኃያላን መንግሥታት ጋር ያላት ግንኙነት ሁልጊዜ ለስላሳ እንዳልነበረ ለሚያውቅ ሰው ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ ሊሆን አይገባም።

ስለ ጌም ሳነሣ አንዳንድ አንባቢ የልጆች ጨዋታ ነው ብሎ እንዳያልፈው አደራ እላለሁ፤ የሶፍትዌር ባለቤትነት ጥያቄ ዛሬ በዓለም ላይ ጎልቶ የወጣው በጌም ተጫዋቾች አማካይነት ነውና። ዩቢሶፍት የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣውን ዘ ክሩ የተባለ የመኪና እሽቅድምድም ጌም ሰርቨር በማርች 31 ቀን 2024 ዘጋው። ጌሙ ያለ ሰርቨር እንዳይሠራ ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ ብቻውን መጫወት የሚፈልገው ሰው እንኳ ከዚያ ቀን በኋላ ሊከፍተው አልቻለም፤ ሙሉ ዋጋ ከፍለው ዲስኩን በመደርደሪያቸው ያስቀመጡትም ጭምር። ይህን ተከትሎ ሮስ ስኮት የተባለ የቪዲዮ አዘጋጅ «ጌሞችን መግደል አቁሙ» የሚል ዘመቻ ጀመረ። በአውሮፓ ኅብረት የዜጎች አቤቱታ ሥርዓት የቀረበው ጥያቄም እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 ከ1 ሚሊዮን በላይ ፊርማ አግኝቷል። የጠያቂዎቹ ሐሳብ ኩባንያው ሰርቨሩን ለዘለዓለም እያሠራ ያቆይልን የሚል አይደለም። ኩባንያው አገልግሎቱን ሲያበቃ፣ የሸጠውን ነገር ገዢው በራሱ መንገድ ማሠራት በሚችልበት ሁኔታ ትቶት ይሂድ የሚል ነው። ከዚህ የቀለለ ጥያቄ ምን ሊኖር እንደሚችል አላውቅም። ሰርቨር ገንዘብ እንደሚያስወጣ፣ ኪሳራ ውስጥ የገባ ጌምም ለዘለዓለም ሊሸከሙት እንደማይቻል የሚከራከሩ አሉ፤ ክርክሩም እውነትነት አለው። ጥያቄው ግን ሸክሙን ከኩባንያው የሚያወርድ እንጂ የሚጨምር አይደለም።

በደብረ ብርሃን፣ በሸዋ ሮቢትና በደብረ ሲና ያሉ የጌም ቤቶችን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አንድ ወጣት ከቤተሰቡ ተበድሮ አሮጌ ፕሌይስቴሽንና ቴሌቪዥን ገዝቶ፣ ልጆች በጨዋታ ሒሳብ እየከፈሉ ኳስ ይጫወቱበታል፤ ከዚያችው ገቢ የቤት ኪራይ ይከፍላል፣ ታናናሾቹን ያስተምራል። ይህ ሥራ የሚቆመው በዲስክ ላይ ነው። ዲስኩ አንድ ጊዜ ተገዝቶ፣ ከአንዱ ጌም ቤት ወደ ሌላው በውሰትና በሽያጭ እየተላለፈ፣ ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው ያለ ኢንተርኔት ይጫወቱበታል። አዲሶቹ ማሽኖች ግን ይህን በር እየዘጉ ነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ያወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ ዲስክ ማጫወቻ የለውም፤ ለብቻው የሚሸጠውም ማጫወቻ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገጠም ኢንተርኔት ይጠይቃል። ኒንቴንዶ በ2025 ባወጣው ማሽን ደግሞ ከመደብር ከሚገዙት ካርዶች አንዳንዶቹ ጌሙን በውስጣቸው አልያዙም፤ ከኢንተርኔት ለማውረድ የሚያስችል ቁልፍ ብቻ ናቸው። አሥሮች ጊጋባይት የሚወርድ ጌም በእኛ ዋጋና በእኛ የኔትወርክ ፍጥነት ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ አያስፈልገኝም። የወረደውም ጌም በአንድ አካውንት ላይ የታሰረ ስለሆነ ወጣቱ ሥራ ሊቀይር ቢፈልግ እንደ ዲስኩ ለሌላ ሸጦት ሊወጣ አይችልም። በዚህ ዓይነት ኩባንያው የሚያጠፋው የአሮጌ ዕቃ ገበያውን ነው፤ እኛ ደግሞ የምንኖረው በአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው የዊንዶውስ 10 ጉዳይ ነው። ማይክሮሶፍት ለዚህ ስሪት የሚሰጠውን ነጻ የደኅንነት ማሻሻያ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕና በአንጻራዊነት አዲስ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ፣ ምንም ጉድለት የሌለባቸው ብዙ ኮምፒዩተሮች ውጭ ይቀራሉ። ካናሊስ የተባለው የገበያ ጥናት ድርጅት በዓለም ላይ እስከ 240 ሚሊዮን የሚደርሱ ኮምፒዩተሮች በዚህ ምክንያት ወደ ቆሻሻነት ሊለወጡ እንደሚችሉ ገምቶ ነበር። በመንዝና በመርሐቤቴ ትምህርት ቤቶች፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤቶችና በእንደ እኔ ዓይነት ሱቆች ያሉት ማሽኖች በአብዛኛው በዕርዳታ የመጡ ወይም ያገለገሉ ናቸው። የሚጽፉትም ሆነ የሚያትሙት ትናንት እንደነበረው ነው፤ የተለወጠው የኩባንያው ፍላጎት ብቻ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ማይክሮሶፍት ተጨማሪውን የአንድ ዓመት ማሻሻያ በመጀመሪያ በ30 ዶላር ወይም የኮምፒዩተሩን መረጃ ከኩባንያው አካውንት ጋር በማገናኘት እንደሚሰጥ ቢያስታውቅም፣ የአውሮፓ የሸማቾች ማኅበራት አጥብቀው ሲሟገቱት ለአውሮፓ ተጠቃሚዎች ቅድመ ሁኔታውን አላልቶ በነጻ ፈቅዷል። የአውሮፓ ሸማች ያገኘው የተሟገተለት ማኅበርና የሚፈራ ሕግ ስለነበረው ነው። የእኛ ሸማች ያላገኘው ደግሞ ስለ እርሱ የጠየቀ ስላልነበረ ነው።

እስካሁን ያነሣኋቸው ነገሮች በከፊል ያለፉ ናቸው። የሚመጣው ግን ከሁሉም ይበልጥ ሰፊውን ሕዝብ የሚነካ ይመስለኛል። ጉግል እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 ባወጣው ማስታወቂያ፣ የጉግል ማረጋገጫ ባላቸው የአንድሮይድ ስልኮች ላይ የሚጫን ማንኛውም አፕ፣ ከፕሌይ ስቶር ውጭ የሚመጣውም ጭምር፣ ማንነቱን ለጉግል ባስመዘገበ ሠሪ የተሠራ እንዲሆን እንደሚያስገድድ ገልጿል። ግዴታው በ2026 ሴፕቴምበር በብራዚል፣ በኢንዶኔዥያ፣ በሲንጋፖርና በታይላንድ ተጀምሮ ከ2027 ጀምሮ ወደ ሌላው ዓለም እንደሚሰፋ ተነግሯል። ብዙ ተቃውሞ ከገጠመው በኋላ ኩባንያው ልምድ ላላቸው ተጠቃሚዎች አደጋውን አውቀው የሚያልፉበት መንገድ እንደሚያዘጋጅ ቢናገርም፣ መንገዱን የሚከፍተውም የሚዘጋውም እርሱ ራሱ ሆኖ ይቀጥላል።

በእኛ አካባቢ አፕ እንዴት እንደሚሰራጭ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በግሼ ራቤል ወይም በመሐል ሜዳ ገጠር ያለ ተማሪ የፈተና መለማመጃውን፣ የግዕዝ መማሪያውን፣ የጸሎት መጽሐፉንና የቀን መቁጠሪያውን የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከፕሌይ ስቶር አይደለም፤ ከጓደኛው ስልክ በብሉቱዝ ወይም ከተማ ሲወጣ በቴሌግራም ነው። አፑን የሠራውም ብዙ ጊዜ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወይም አዲስ ተመራቂ ነው፤ ገንዘብ ሳያስከፍል፣ ማስታወቂያ ሳያስገባ፣ ለወገኑ ብሎ የሠራው። ይህ ወጣት ነገ ሥራውን ለጎረቤቱ ለመስጠት ካሊፎርኒያ ባለ አንድ ኩባንያ መዝገብ ውስጥ መግባት፣ መታወቂያውን ማስረከብና ሲታገድም ያለ ዳኛ ውሳኔ መታገድ ይጠበቅበታል ማለት ነው። ጉግል ምክንያቴ አጭበርባሪዎችን መከላከል ነው ይላል። በሐሰተኛ የባንክ አፕ ገንዘባቸውን የሚያጡ ሰዎች በእኛም ከተማ ስላሉ ምክንያቱን አላጣጥለውም። አጭበርባሪን ለመያዝ ግን ማስጠንቀቂያ መስጠት፣ አደገኛውን አፕ ለይቶ ማገድና ከአገሩ ፖሊስ ጋር መተባበር ይቻላል። ስልኩን ገንዘቡን ከፍሎ የገዛው ሰው በስልኩ ላይ ምን እንደሚጭን የመጨረሻውን ቃል ማጣት የለበትም። እኔ ስልኬን ለልጄ ስሰጥ የምቆጣጠረው አባቷ ስለሆንሁ ነው፤ ጉግል የእኔ አባት አይደለም።

በነገራችን ላይ ጉዳዩ በኮምፒዩተርና በስልክ ብቻ እንደማይወሰን የሞረትና ጅሩን ገበሬ ማሰብ ይበቃል። በአዝመራ ወቅት ስንዴውን የሚሰበስቡት ኮምባይነሮችና በየቦታው የሚገቡት ትራክተሮች አዳዲሶቹ በሶፍትዌር የሚሠሩ ናቸው። በአሜሪካ የንግድ ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ጆን ዲር የተባለውን የትራክተር ኩባንያ፣ የጥገና ሶፍትዌሩን ለራሱ ወኪሎች ብቻ በመያዝ ገበሬዎች ማሽናቸውን በሌላ ቦታ እንዳያስጠግኑ አድርጓል በማለት ከስሶታል። የኮሎራዶ ክፍለ ግዛትም ገበሬው የራሱን ማሽን የመጠገን መብት እንዲኖረው በሕግ ደንግጎ ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ ሥራ ላይ አውሏል። በእኛ አገር ወኪሉ አዲስ አበባ፣ ስንዴው ደግሞ ዝናብ እያስፈራራው ማሳ ላይ ሲሆን የዚህ ዓይነት ቁልፍ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ማሽኖቹን ከማስገባታችን በፊት ልንጠይቅ ይገባል።

ታዲያ ምን ይደረግ ለሚለው፣ እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ዋጋው የተከፈለበት ፕሮግራም ያለ ሻጩ ተደጋጋሚ ፈቃድ መሥራቱን እንዲቀጥል። ኪራይ ከሆነም ኪራይ መሆኑ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት በግልጽ፣ በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች እንዲነገር። በካሊፎርኒያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ዲጂታል ዕቃ የሚሸጥ ሁሉ፣ ገዢው የሚያገኘው የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ከሆነ ይህንኑ በግልጽ እንዲያሳውቅ በሕግ ተገዷል። እኛም ከባዶ የምንነሣ አይደለንም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህ መብት በጤፍና በዘይት ላይ እንደሚሠራ ሁሉ በሶፍትዌርና በጌምም ላይ እንደሚሠራ የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር በመመሪያ ቢያሳውቅ፣ ቢያንስ እዚህ አገር ውስጥ የሚሸጡ ወኪሎች፣ ኮምፒዩተር ቤቶችና ስልክ ቤቶች ለገዢው እውነቱን የመናገር ግዴታ ይኖርባቸዋል።

ትልቁ ኃይል ያለው ግን በመንግሥት ግዢ ውስጥ ነው። የፌዴራልና የክልል መሥሪያ ቤቶች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና ሆስፒታሎች ሶፍትዌር ሲገዙ በጨረታ ሰነዱ ላይ ጥቂት ጥያቄዎችን ማስገባት ይችላሉ፤ ኢንተርኔት ለሦስት ወር ቢቋረጥ ይሠራል ወይ? ኩባንያው ቢዘጋ ወይም በማዕቀብ ምክንያት ቢወጣ መረጃችንን በምን መልክ እናገኘዋለን? መልሱ ካላጠገበ ሌላ አማራጭ አለ። ሊብረ ኦፊስን የመሳሰሉ ነጻ ፕሮግራሞች አማርኛን በሚገባ ይጽፋሉ፤ በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒዩተርን የሚያንቀሳቅሱት፣ ኡቡንቱን የመሳሰሉ የሊኑክስ ስሪቶች ዊንዶውስ 11 የናቃቸውን ማሽኖች ማሠራት ይችላሉ፤ ለፎቶና ለኅትመትም ጊምፕ፣ ኢንክስኬፕና ስክራይበስ አሉ። እነዚህ ፕሮግራሞች ጉድለት የለባቸውም አልልም። ከደንበኛ የሚመጣ ፋይል አንዳንዴ ቅርጹ ይዛባል፣ መላመድም ጊዜ ይፈጃል፤ እኔም በሱቄ ሁሉንም ሥራ ወደ እነርሱ ማዞር አልቻልኩም። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ሳይንስ ክፍል ግን ተማሪዎቹን በእነዚህ ቢያሠለጥንና በዞኑ ያሉ ትምህርት ቤቶችን አሮጌ ኮምፒዩተሮች በማኅበረሰብ አገልግሎቱ ወደ ሥራ ቢመልስ፣ ለመንዝ ልጅ የሚሰጠው ጥቅም ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል።

ስለ ስልኩ ጉዳይ ደግሞ ጊዜው አጭር ነው። 2027 ሲደርስ ከምንነቃ፣ የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴርና የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ለሚከተሉት ጥያቄዎች ከወዲሁ መልስ ቢያዘጋጁ መልካም ነው፤ የኢትዮጵያ አፕ ሠሪዎች በምን ዓይነት ሰነድ ይመዘገባሉ? የግል መረጃቸውስ በ2016 ዓ.ም. በወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ መሠረት ይጠበቃል ወይ? ያለ በቂ ምክንያት የታገደ ሠሪ አቤቱታውን ለማን ያቀርባል? ጋዜጣችሁ እነዚህን ጥያቄዎች ለሁለቱ መሥሪያ ቤቶችና ለኩባንያው አቅርቦ የሚያገኘውን መልስ ቢያትምልን፣ መልስ ካላገኘም አለማግኘቱን ቢያትምልን፣ በዚህ ሙያ የምንተዳደር ሰዎች ሁሉ እናመሰግናለን።

ከአክብሮት ጋር
የጽሕፈትና የኅትመት አገልግሎት ሰጪ
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ